የማይታየውን የለኩ እናቶች

እኛ የፎገራ ሰዎች ውሃን የምንለካው በዓይናችን ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወርደው ወደ ጣና ሲሄዱ ሜዳችንን ያቋርጣሉ፤ ክረምቱ ሲበረታ ደግሞ ይተኙበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ያጥለቀለቀውን ጎርፍ ያየን ሁሉ፣ ውሃው የት ድረስ እንደደረሰ በየቤታችን ግድግዳ ላይ ጭቃው የተወውን መስመር አይተን እናውቅ ነበር። ቤቱ እንደገና ሲመረግ መስመሩ ጠፋ። ከእኛ መካከል በደብተር የያዘው አልነበረም።

ይህን ያነሳነው ከጎርፍ ይልቅ ለመለካት የሚከብድ አደጋ የደረሰባቸውን ሰዎች ታሪክ ለአባሎቻችንና ለደጋፊዎቻችን ለማካፈል ነው።

መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. በጃፓን ምሥራቃዊ የባሕር ዳርቻ መጠኑ 9.0 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ተከትሎ የመጣው ሱናሚ የፉኩሺማ ዳይቺ የኑክሌር ኃይል ማመንጫን መጠባበቂያ ጄኔሬተሮች አጥለቀለቀ። ማቀዝቀዣው ቆመ፤ በሦስት ማብላያዎች ውስጥ የነበረው ነዳጅ ቀለጠ። ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮችም በነፋስና በዝናብ ወደ እርሻው፣ ወደ ጫካውና ወደ ከተማው ወረዱ። ከእነዚህ አንዱ አዮዲን 131 በ8 ቀን በግማሽ ይቀንሳል፤ ሲዚየም 137 ግን በግማሽ ለመቀነስ 30 ዓመት ይፈጅበታል።

ጨረር አይታይም፣ አይሸትም፣ ምላስ ላይም አይታወቅም። መንግሥት በማመንጫው ዙሪያ እስከ 20 ኪሎ ሜትር ያለውን ሕዝብ አስወጣ፤ ነፋስ ግን ክብ ሠርቶ አይነፍስም። የናሚዬ ከተማ ነዋሪዎች ፁሺማ ወደሚባል ቦታ ሸሹ፤ ጨረሩን የተሸከመው ነፋስም ወደዚያው ነበር የሄደው። ጨረሩ ወዴት እንደሚሄድ የሚተነብይ የመንግሥት የኮምፒውተር ሥርዓት ነበር፤ ውጤቱ ግን በጊዜው ለሸሹት ሰዎች አልተነገራቸውም። ቁጥሩ ነበረ፤ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች እጅ ግን አልገባም።

መለኪያ መሣሪያ ከገበያ በጠፋበት በዚያ ወቅት በጎ ፈቃደኞች ተሰባስበው ሴፍካስት የተባለውን ሥራ ጀመሩ። የጨረር መለኪያውን ከጂፒኤስ ጋር በአንድ ሣጥን አድርገው መኪና ላይ አሰሩና መንገድ ለመንገድ ዞሩ። መሣሪያው በየ5 ሴኮንዱ ቦታውንና መጠኑን ይመዘግባል። የጃፓኖችን የምሳ ዕቃ፣ ቤንቶን፣ ስለሚመስል ስሙንም ከዚያ አወጡለት። ውጤቱን ማንም ሰው በነፃ እንዲጠቀምበት በካርታ ላይ አወጡት፤ ምዝገባውም ከጊዜ በኋላ ከ100 ሚሊዮን አለፈ። ለኑክሌር ኃይል አልደገፉም፣ አልተቃወሙምም፤ ሥራቸው መለካት ብቻ ነበር። ከ20 ኪሎ ሜትሩ ክብ ውጭ ሆነው ከአንዳንድ የክቡ ውስጥ ቦታዎች የከፋ ጨረር ያለባቸው ሥፍራዎች እንደነበሩም እንዲህ ያለው ልኬት አሳየ።

እኛን ከሁሉ ይበልጥ የነካን ግን ከማመንጫው በስተ ደቡብ ባለችው በኢዋኪ ከተማ የሚገኙ እናቶች ሥራ ነው። በ2004 ዓ.ም. ታራቺኔ የሚባል የዜጎች መለኪያ ማዕከል ከፈቱ፤ ቃሉ በጥንታዊው ጃፓንኛ እናትን ያመለክታል። የኬሚስትሪ ምሁራን አልነበሩም፤ ከባለሙያ ተምረው ሠሩ። ሰው ከጓሮው ያመጣውን አትክልት፣ ልጆች የሚጫወቱበትን አፈር፣ ከቤት የተጠረገውን አቧራ፣ የባሕሩንም ውሃ ለኩ። በ2009 ዓ.ም. ክሊኒክም ጨመሩበት። የክፍለ ሀገሩ አስተዳደርም በበኩሉ ከ2005 ዓ.ም. ምርት ጀምሮ በፉኩሺማ የተመረተውን ሩዝ እያንዳንዱን ጆንያ ለዓመታት ሲያስለካ ቆይቶ ነበር፤ በዓመት 10 ሚሊዮን ገደማ ጆንያ ማለት ነበር። ሩዝ አምርተን ለምንሸጥ ለእኛ፣ ገዢ ምርታችንን ከመግዛት ቢሸሽ ምን እንደሚደርስብን ማሰብ አይከብደንም።

ታዲያ መንግሥት እየለካ እናቶቹ ለምን ደከሙ? መልሱን ከማኅበራችን ሂሳብ እናገኘዋለን። ገንዘብ ያዥዋ ሌላ ናት፣ መዝጋቢዋ ሌላ። በወሩ መጨረሻ ደብተራችንን ከባንኩ መግለጫ ጋር እናስታርቃለን። ይህን የምናደርገው ገንዘብ ያዥዋን ሌባ ናት ብለን አይደለም። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ነውና ሁለት መዝገብ ሲስማማ ሁላችንም እናምነዋለን፤ ሳይስማማ ሲቀር ስህተቱን የት እንደምንፈልግ እናውቃለን። የኢዋኪ እናቶች ቁጥርም ከመንግሥት ቁጥር ጋር የሚመሳከር ሁለተኛ ደብተር ነው።

ለዚህ ጃፓን ድረስ መሄድም አያስፈልግም። በ2006 ዓ.ም. በአዊ ዞን ዳንግላ ወረዳ፣ በዳንገሽታ ቀበሌ፣ የእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ከአጋሮቹ ጋር በጀመረው ሥራ ነዋሪዎች ራሳቸው ዝናብን፣ የጉድጓድ ውሃን ጥልቀትና የወንዝን ከፍታ መለካት ጀመሩ። የዝናብ መለኪያው በአንድ ነዋሪ ግቢ ተተከለ፤ ቁጥሩ በደብተር እየተጻፈ ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይሄድ ነበር። ተመራማሪዎች ከጣቢያና ከሳተላይት መረጃ ጋር ሲያመሳክሩት የገበሬዎቹ መዝገብ የሚታመን ሆኖ ተገኘ።

በእኛ ሜዳ ጨረር የለም፤ ውሃ ግን አለ። ስለዚህ አሳባችን ይህ ነው፦ በርብና በጉማራ ዳር የሚኖሩ አባሎቻችን በየግቢያቸው አንድ የዝናብ መለኪያ፣ አንድ በሜትር የተከፈለ እንጨትና አንድ ደብተር ይኑራቸው። በየጠዋቱ በተመሳሳይ ሰዓት ይለኩ፤ ያልለኩበትን ቀን ባዶ ይተዉት እንጂ በግምት አይሙሉት። በየወሩ የቁጠባ ስብሰባችን ላይ ደብተሮቹን አስተያይተን ለወረዳው እንስጥ። ደጋፊዎቻችንን የምንጠይቀው የመለኪያዎቹን ዋጋ ብቻ ነው፤ ትጋቱ ከእኛ ነው። በ1998ቱ ጎርፍ የተሰመረው መስመር በጭቃ ተመርጎ ቀርቷል። የሚቀጥለው በደብተራችን ይገኝ።