ፌሮፍሉይድ

ፌሮፍሉይድ ማግኔት የሚስበው ፈሳሽ ነው። 10 ናኖሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው የማግኔታይት ቅንጣቶች በዘይት ወይም በውሃ ውስጥ ተበትነው ይሠራል፤ ተጣብቀው እንዳይዘቅጡም እያንዳንዳቸው ሳሙና መሰል ሽፋን ይለብሳሉ። የናሳው መሐንዲስ ስቲቭ ፓፔል እ.ኤ.አ. በ1963 የፈጠረው ክብደት በማይሰማበት ጠፈር የሮኬት ነዳጅን በማግኔት ለመሳብ አስቦ ነበር።

እጅግ የሚያስደንቀው ጠባዩ ግን ራሱ የሚሠራው ቅርጽ ነው። ከሥሩ ሽቅብ የሚወጣው የማግኔት መስክ ቀስ በቀስ ሲጠነክር ገጹ ለጥ እንዳለ ይቆያል፤ አንድ ወሰን ሲታለፍ በድንገት ይሾላል፣ ሹሎቹም እንደ ማር እንጀራ ባለስድስት ማዕዘን ሆነው ይደረደራሉ። ተመራማሪዎቹ ካውሊና ሮዘንስዋይግ እ.ኤ.አ. በ1967 ምክንያቱን አስረዱ። ስበትና የገጽ ውጥረት እብጠትን ይደፈጥጣሉ፤ መስኩ በአንጻሩ በእብጠቷ ጫፍ ላይ ስለሚጠነክር ይበልጥ ሽቅብ ይጎትታታል። ማግኔቱ ሲያይል እድገቷ ራሱን ያፋጥናል።

እዚህ ላይ ውጤት ከምክንያቱ ጋር በእኩል ልክ አይሄድም። መስኩ ሲቀንስ ሹሎቹ በተነሡበት ወሰን ላይ አይጠፉም፤ ከዚያ በታች እስኪወርድ ይጸናሉ። ስለዚህ በአንድ ዓይነት መስክ ውስጥ ገጹ ለጥ ያለም የሾለም ሊሆን ይችላል፤ የሚወስነው ቀድሞ የነበረበት ሁኔታ ነው። መስኩ እጅግ ሲበረታ ደግሞ ባለስድስት ማዕዘኑ ድርድር ወደ አራት ማዕዘን ይለወጣል።