ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ፦ የግብር ግምት ታሪክና ለዛሬው ሥራ ያለው ትምህርት

ግብር ከመሰብሰቡ አስቀድሞ ይገመታል። የአገራችን የግብር ታሪክ ሲጻፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ሰብሳቢውና ከፋዩ እንጂ በሁለቱ መካከል ቆሞ «ይህ መሬት ይህን ያህል ይገባዋል» የሚለው ገማች አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የገማቹን ሥራ ከታሪክ አንጻር መርምሮ፣ ዛሬ በየከተማው የቤትና የቦታ ግብር ለሚተምኑ ጽሕፈት ቤቶች የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ቀላድ የተባለው የመለኪያ ገመድ በሸዋና በደቡብ አገሮች ተጣለ። የተለካው መሬት በጋሻ ተቆጠረ፤ የአንዱ ጋሻ ስፋት ከቦታ ቦታ ቢለያይም በኋላ ዘመን በአማካይ 40 ሄክታር ያህል ተደርጎ ተወሰደ። ልኬቱ ግን ስፋት ማወቂያ ብቻ አልነበረም። በብዙ ስፍራ ለባላባቱ ሲሶ ተትቶ የቀረው ለመንግሥት፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለወታደር ስለ ተደለደለ፣ ገመዱ በገበሬው ዘንድ የመሬት መነጠቅ ምልክት ሆነ።

ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1937 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሠረት፣ በሸዋ፣ በአርሲና በሐረርጌ በተለካ መሬት ላይ የሚከፈለው ግብር ዐሥራቱን ጨምሮ ለአንድ ጋሻ ለም 50 ብር፣ ለለም ጠፍ 40 ብር፣ ለጠፍ 15 ብር ሆነ። ሰንጠረዡ ቀላልና ግልጽ ነበር። ሆኖም ያው መሬት ጠፍ መባሉ ቀርቶ ለም ሲባል ግብሩ ከሦስት እጥፍ በላይ ያድጋል። ስለዚህ የክርክሩ ሥር በአዋጁ ውስጥ ሳይሆን በመዳቢው አንደበት ውስጥ ነበር። ኃይል ያለው ለሙን ጠፍ ሊያሰኝ ሲችል፣ ወገን የሌለው ጠፉን ለም ተብሎ ይከፍላል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል በነበረበት አገር፣ የመዳቢውን ቃል የሚያስለውጥ ይግባኝ ለድሃው ሩቅ ነበር።

የጎጃም ታሪክ ይህንኑ ከሌላ ወገን ያሳያል። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ዐሥራትን አስቀርቶ ግብሩን ከገቢ ጋር ያገናዘበ በመሆኑ፣ በመርሕ ረገድ ከቀድሞው የተሻለ ነበር ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ የጎጃም ገበሬ የገማቾቹን መምጣት ርስቱን የሚያሳጣ የልኬት መጀመሪያ አድርጎ ተመለከተው። በጠቅላይ ግዛቱ አስተዳደር ላይ የነበረውም ምሬት ተጨምሮበት በዚያው ዓመት አመፅ ተነሣ። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ በመጨረሻም አገረ ገዥውን አንሥቶ የግብሩን ውዝፍ ማረ። ከዚህ የምንረዳው፣ ከፋዩ ያላመነው ግምት ሕጉ መልካም ቢሆን እንኳ ገንዘብ እንደማያስገኝ ነው።

ለእኛ ለመምህራን ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። በ1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጥሎ ገቢው ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ተወስኖ ነበር። ከመሬቱ ግምት የተነሣ ስሕተት ወደ ትምህርቱም ግብር ተሻገረ ማለት ነው። ከዚህም በላይ ትምህርት ቤቶች በብዛት የተሠሩት በከተሞች ስለ ነበር፣ ብዙ ገበሬ ልጁ ላልገባበት ክፍል ከፈለ።

በከተሞችም በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የከተማ ቦታ ኪራይንና የቤት ግብርን ሲደነግግ፣ የቤቱን ግብር በዓመታዊ የኪራይ ግምት ላይ መሠረተ። ግምቱ በየጊዜው መታደስ ሲገባው በአዲስ አበባ ለረጅም ዓመታት ባለበት ቆየ፤ በ2015 ዓ.ም. ሲሻሻል ጭማሪው በአንድ ጊዜ ስለ መጣ ብዙ ቅሬታ አስነሣ። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። የገማቹ ሥራ እንግዲህ ከፊት ይልቅ ይከብዳል።

ከታሪኩ አራት ነገሮችን መውሰድ ይቻላል። አንደኛ፣ መለኪያው ከፋዩ ራሱ አስልቶ ሊያረጋግጠው በሚችል መልክ ይገለጽ። ሁለተኛ፣ ገማቹና ሰብሳቢው የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። ሦስተኛ፣ ግምቱ በአጭር ጊዜ ልዩነት በጥቂት በጥቂቱ ይታደስ። አራተኛ፣ ይግባኝ ሰሚው ከገማቹ ጽሕፈት ቤት ውጭ ሆኖ፣ ውሳኔውን በተወሰነ ቀን ውስጥ ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይስጥ።

የመምህሩም ድርሻ አለ። ተማሪዎች የትምህርት ቤቱን ግቢ በገመድ ለክተው ስፋቱን ያስሉ፤ ከዚያም በሁለት ቡድን ተከፍለው ለም፣ ለም ጠፍ ወይም ጠፍ ብለው ይመድቡት። በስፋቱ ሒሳብ ፈጥነው ሊስማሙ ይችላሉ፤ በምደባው ግን መለያየታቸው አይቀርም። መምህሩ በዚያን ጊዜ «የማንኛችሁ ቃል ይጽና? ለምንስ?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ከሒሳቡ ትምህርት ጋር የፍትሕንም ትምህርት ጀመረ ማለት ነው።