ስለ ገና በዓልና ስለ ምዕራብ ጎጃም

በከተማ ተቀምጠን ከወረቀትና ከማኅተም ጋራ የምንውል ሰዎች የገናን በዓል ብዙ ጊዜ የምናውቀው በገበያው ዋጋና በዕረፍቱ ቀን ነው። ዛሬ ግን ሐሳባችሁን ከቢሮው አንሥታችሁ፣ ዓባይ እንደ መቀነት ወደ ዞረው ደጋ፣ ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ ገጠር ከእኛ ጋራ እንድትሄዱ እንለምናለን። በዚያ አገር ገና የሃይማኖት በዓል ብቻ ሳይሆን የታሪክም ምስክር ነውና።

አስቀድሞ ስለ ቀኑ ጥቂት እንናገር። በዓለ ልደት የሚውለው ታኅሣሥ 29 ቀን ነው። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። ይኸውም ከብሥራት ቀን ከመጋቢት 29 እስከ ልደት ያለው 9 ወር ከ5 ቀን እንዳይዛነፍ ነው። ገና የሚለው ቃል ከጽርዕ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጒሙም ልደት መሆኑን ሊቃውንት ያስረዳሉ።

ወሩ የአጨዳና የውቂያ ወር ስለ ሆነ፣ ገበሬው የዓመት ድካሙን በአውድማው ላይ የሚያይበት ጊዜ ነው። በኅዳር አጋማሽ የተጀመረው ጾመ ነቢያትም የሚፈታው በዚሁ በዓል ነው። በዋዜማው ሌሊት ካህናቱ በከበሮና በጸናጽል ማሕሌት ሲቆሙ፣ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ በቤተ ክርስቲያን ያድራል። ሲነጋ ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው በቅርጫ በሬ ይጥላሉ፤ ሥጋውንም በመደብ ይከፋፈላሉ። ብቻውን በሬ ሊያርድ የማይችለው ሁሉ በዚህ ሥርዓት ከበዓሉ አይጎድልም።

ከቀትር በኋላ ተራው የጨዋታ ነው። እህሉ በተነሣለት መስክ ላይ ጐበዛዝት በሁለት ወገን ተከፍለው፣ ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ይዘው፣ ሩሯን ወደ ተቃራኒው ወገን ለማሳለፍ ይታገላሉ። ሩሯ ከእንጨት የተጠረበች ወይም ከጠፍር የተገመደች ናት። የጨዋታው መነሻ የቤተ ልሔም እረኞች የምሥራቹን በሰሙ ጊዜ ያደረጉት ደስታ ነው እየተባለ ይተረካል። እኛን የመንግሥት ሠራተኞችን ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ግን ሌላ ነው። በገና ጨዋታ ላይ ጌታ በሎሌው እንዳይቆጣ የቆየ ልማድ ነበረ። ዓመቱን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ የኖረ ሎሌ በዚያች ቀን ጌታውን በሩር ሊያሸንፈው፣ በግጥምም ሊነካው ይችል ነበር።

አሁን ወደ ታሪኩ እንለፍ። በጣልያን ወረራ ዘመን ጎጃም ከ1929 እስከ 1933 ዓ.ም. አምስት ገናዎችን አሳልፏል። የመጀመሪያው ገና የዋለው የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ እምሩ በጠላት እጅ በወደቁበት በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ነው። በኋላም እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ በዱር በገደሉ ታገሉ። አምስተኛው ገና ከዋለ ከ13 ቀን በኋላ፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነሥተው በኦሜድላ ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ። በየካቲት መጨረሻ የጣልያን ጦር የቡሬን ምሽግ ለቆ በደምበጫ በኩል አፈገፈገ፤ ንጉሠ ነገሥቱም መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ፍኖተ ሰላም፣ ማለት የሰላም መንገድ፣ መባሏ ከዚህ የስደት መልስ ጋራ ተያይዞ ይነገራል። የስሟንም ትርጒም ዛሬም ትሻዋለች። ታኅሣሥ 29 ቀን 1934 ዓ.ም. ለጎጃም የመጀመሪያው የነፃነት ገና ሆነ።

እንግዲህ አስተውሉ። ለቅርጫው ሊቀ መንበር የሾመ፣ ለማሕሌቱ በጀት የመደበ፣ ለሩሩ መመሪያ የጻፈ አልነበረም። በትእዛዝ ያልቆመ ሥርዓት በትእዛዝ አይፈርስም፤ የሚፈርሰው ባለቤቶቹ ሲረሱት ነው። በከተሞቻችን ሰው ሠራሹ የጥድ ዛፍ በየሱቁ ሲቆም፣ ሩር የሚመታ ልጅ ግን እየጠፋ መሄዱን የማያይ የለም።

ስለዚህ ለሥራ ወደ ገጠር የተመደባችሁ ሁሉ፣ በገና ቀን በርን ዘግቶ ከመዋል ወደ መስኩ ውረዱ። አንድ ገበሬ በግጥም ቢነካችሁ አትቆጡ። ዓመቱን ሙሉ በጽሕፈት ቤታችሁ ደጅ ቆሞ ያልደፈረውን ነገር ምናልባት በዚያች ሰዓት ይነግራችሁ ይሆናል፤ እናንተም በማግሥቱ አትርሱት።