ጉዲፈቻና የመንግሥት ቁጥጥር፦ ከበርበሬ በረንዳ ሲታይ

በመርካቶ «በረንዳ» ቀን የነጋዴ ደጃፍ ነው፤ ሲመሽ ደግሞ «በረንዳ አዳሪ» የሚለውን መራራ ስም ይወልዳል። በበርበሬ በረንዳ ባለፍኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል፦ መንግሥት አሳዳጊ ስላጡ ሕፃናት ሲቆጣጠር የኖረው ምኑን ነው?

ጉዲፈቻ ስሙም ሥርዓቱም ከኦሮሞ ባህል የተገኘ ነው፤ ልጁ የሚሰጠው ዘመድና ጎረቤት እያወቀ ነው። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም (አዋጅ ቁጥር 213) የውጭ አገር ጉዲፈቻን ያለ ልጓም አልተወውም። የአሳዳጊው ማንነት በመንግሥት አካል እንዲጣራ፣ ፍርድ ቤቱም ልጁን በአገር ውስጥ ማሳደግ አለመቻሉን እንዲመዝን ያዝዝ ነበር።

አፈጻጸሙስ? በ2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2010) ወደ አሜሪካ ብቻ 2 ሺህ 500 ያህል ልጆች ሄዱ፤ ከቻይና ቀጥሎ ሁለተኛው ቁጥር ነበር። በቀን እስከ 50 ጉዳይ የሚያይ ቢሮ በሩቅ ወረዳ ያለችን እናት ፈቃድ እንዴት ያጣራል? ወላጆቻቸው በሕይወት ያሉ ልጆች «ወላጅ አልባ» ተብለው ሄደዋል፤ ልጃቸው ተምሮ የሚመለስ የመሰላቸው ወላጆችም ነበሩ። ሚኒስቴሩ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ቁጥሩን በቀን ወደ 5 አወረደው። በዚያው ዓመት ከኢትዮጵያ የተወሰደች ታዳጊ በዋሽንግተን ግዛት በአሳዳጊዎቿ በደል ሞተች፤ አሳዳጊዎቿም እ.ኤ.አ. በ2013 ተፈረደባቸው። ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ይላክ የተባለው ሪፖርት አላዳናትም።

በመጨረሻ ምክር ቤቱ በጥር 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2018) ሕጉን አሻሽሎ የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከለከለ። ከ1992 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከ160 ሺህ በላይ ልጆች የሰጠችው ቻይናም እ.ኤ.አ. በ2024 በሯን ዘጋች፤ የተፈቀደው ለቅርብ ዘመዶች ብቻ ነው።

ክልከላውን አልቃወምም። ነገር ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ መከልከል መቆጣጠርን አይተካም። ወደ አሜሪካ ብቻ የሄዱት ከ15 ሺህ የሚበልጡ ልጆች ዛሬ ብዙዎቹ አድገዋል፤ እናታቸውን ፍለጋ የሚመጡም አሉ። መዝገባቸውን ከፍቶ እውነቱን ሊነግራቸው የሚገባው፣ ማኅተሙን የመታው መንግሥት ነው። እዚህ የቀሩትም ከበረንዳ ወደ ቤት የሚያስገባቸው የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ ይሻሉ። ይህ ሁለቱ እስኪሟላ ድረስ በሩ ተዘጋ እንጂ ዕዳው አልተከፈለም።

ቸር እንሰንብት።