የእንጨቱ ዋንጫና የሥሩ ምሥጢር

የሕዝብ መድኃኒት ዕውቀት በመጽሐፍና በባለመድኃኒቶች ቃል እንደሚጠበቅ ሁሉ፥ አንዳንድ ጊዜ በቤት ዕቃም ይጠበቃል። ለዚህ የስሪ ላንካው ኮታላ ሂምቡቱ መልካም ምስክር ነው።

ኮታላ ሂምቡቱ የሲንሃላ ሕዝብ ያወጣለት ስም ሲሆን፥ የዕፀዋት ሊቃውንት ሳላሲያ ሬቲኩላታ ይሉታል። በስሪ ላንካና በደቡብ ሕንድ ደን ውስጥ በዛፍ ላይ እየተጠመጠመ የሚያድግ ሐረግ ነው። የአዩርቬዳ ሐኪሞች የስኳርን በሽታ ከጥንት ጀምሮ ማዱሜሃ፥ ማለት የማር ሽንት፥ ይሉት ነበር፤ የዚህን ሐረግ ሥርና ግንድም ለዚሁ በሽታ ያዙ ነበር። ልማዱ እንዲህ ነው፤ ከእንጨቱ ዋንጫ ይጠረባል፤ ማታ ውሃ ይሞላበታል፤ በማግሥቱ በሽተኛው ውሃውን ይጠጣል።

የልማዱ ምክንያት በኬሚስትሪ መገለጥ የጀመረው በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1997 ነው። በዚያ ዓመት በኪዮቶ የመድኃኒት ዩኒቨርሲቲ ማሳዩኪ ዮሺካዋና ባልደረቦቹ ከሥሩና ከግንዱ ሳላሲኖል የተባለውን ንጥረ ነገር ለዩ፤ በ1998ም ኮታላኖልን አስከተሉ። የሁለቱም ሥራ አንድ ነው። የእህል ስታርች ወደ ደም የሚገባው በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ያሉት አልፋ ግሉኮሲዴዝ የተባሉ ኢንዛይሞች ወደ ግሉኮስ ከከፋፈሉት በኋላ ነው። ሳላሲኖል ቅርጹ ስኳርን ስለሚመስል የስኳሩን ቦታ ይዞ ኢንዛይሙን ያግደዋል፤ ስለዚህ ከምግብ በኋላ የደም ስኳር በዝግታ ይወጣል። ንጥረ ነገሩም በውሃ የሚሟሟ በመሆኑ፥ ዋንጫውን በውሃ ሞልቶ ማሳደር ከጠባዩ ጋር የሚስማማ ሥራ ነበር። በ2005 የታተመ ጥናትም በ51 ሕሙማን ላይ ተደርጎ፥ የተክሉን ሻይ በጠጡበት ወራት የስኳራቸው መለኪያ መሻሻሉን አሳይቷል።

ነገር ግን ዝናው ለተክሉ አደጋ አመጣበት። ዛሬ በሻይና በዱቄት መልክ ከአገሩ ርቆ ይሸጣል፤ የሚሰበሰበውም በብዛት ከዱር ነው። አንድ ዋንጫ ብዙ ማለዳ ያገለግላል፤ ዱቄቱ ግን ተጠጥቶ ባለቀ ቁጥር ሌላ ሥር ያስቆፍራል፤ ሥሩ የተነቀለ ሐረግም ይሞታል።

እንግዲህ የሕዝብን መድኃኒት የሚመረምር ሰው የተክሉን ስም ብቻ ጽፎ ቢያልፍ የዕውቀቱን እኩሌታ ይጥላል። ክፍሉን፥ ዕቃውን፥ ሰዓቱንና አሰባሰቡን አብሮ መመዝገብ ይገባዋል፤ ሥሩ ከጠፋ በኋላ መዝገቡ ብቻውን በሽተኛ አያድንምና።