ፈጣን ውርወራ በሕንድ ክሪኬት

ሕንድ በክሪኬት ለረጅም ዘመን ስሟ የሚነሳው በመቺዎቿና ኳሷን በጣታቸው እያሾሩ በዝግታ በሚለቁ ስፒነሮቿ ነበር። በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚወረውር ፈጣን ወርዋሪ ከዚህች አገር አይወጣም የሚለው እምነት ከውጭ ሰዎች አልፎ በሕንዳውያኑም ዘንድ ሥር ሰዶ ቆይቷል። ከ2018 ወዲህ ግን ቡድኑ ከአገሩ ውጭ ያገኛቸው ትልልቅ ድሎች በአብዛኛው የፈጣን ወርዋሪዎቹ ሥራ ናቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በክሪኬት ወርዋሪው ተንደርድሮ ኳሷን 20 ሜትር ገደማ ርቆ ወደቆመው መቺ ይለቃል። ኳሷ ከመቺው ጀርባ የተተከሉትን ሦስት ዘንጎች ከመታች፣ ወይም መቺው የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች መቺው ከጨዋታ ይወጣል። ይህም አንድ ዊኬት ይባላል። እስከ አምስት ቀን በሚዘልቀው የቴስት ጨዋታ ለማሸነፍ አብዛኛውን ጊዜ 20 ዊኬት መውሰድ የግድ ነው። በእንግሊዝ፣ በአውስትራሊያና በደቡብ አፍሪካ ሜዳዎች ያለ ፈጣን ወርዋሪ ይህን ያህል ዊኬት ማግኘት ከባድ ነው።

የተቋረጠ ጅማሬ

ሕንድ የመጀመሪያ ቴስቷን በሰኔ 1932 ለንደን በሚገኘው ሎርድስ ስትጫወት ኳሷን ይዘው የጀመሩት ሁለት ፈጣን ወርዋሪዎች፣ መሐመድ ኒሳርና አማር ሲንግ ነበሩ። እንግሊዝ ገና 19 ራን (ነጥብ) ላይ ሳለች ሦስት መቺዎቿን አጣች፤ ኒሳርም በዚያ ዙር አምስት ዊኬት ወሰደ። ስለዚህ «ሕንዳዊ ፈጣን ወርዋሪ አይሆንም» የሚለው አባባል ከመነሻው ሐሰት ነው። ነገር ግን አማር ሲንግ በ1940 ገና በወጣትነቱ ሞተ። ከ1947ቱ የሕንድና የፓኪስታን ክፍፍል በኋላ ደግሞ ኒሳር ፓኪስታናዊ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሠላሳ ዓመታት የስፒነሮች ዘመን ናቸው። ቤዲ፣ ፕራሳና፣ ቻንድራሴካርና ቬንካታራጋቫን በዓለም የተፈሩ አራት ጠበብት ነበሩ። አዲስ ኳስ የምታብለጨልጭና ለፈጣን ወርዋሪ የምትመች ናት፤ ስፒነር ግን ሻካራ ኳስ ይፈልጋል። ስለዚህ አዲሷ ኳስ እንደ ሱኒል ጋቫስካር ላለ መቺ ጭምር እየተሰጠች፣ ብልጭታዋ እስኪጠፋ ጥቂት ከተወረወረች በኋላ ወደ ስፒነሮቹ ትተላለፍ ነበር። በ1967 በበርሚንግሃም በአዲሷ ኳስ ውርወራውን የጀመረው ቡዲ ኩንደራን ነው፤ መደበኛ ሥራው ከዘንጎቹ ጀርባ ቆሞ ኳስ መቅለብ ነበር። ፈጣን ወርዋሪ ስለሌለ ደረቅና ቶሎ የሚሰነጣጠቅ ሜዳ ይዘጋጃል፤ ሜዳው ደረቅ ስለሆነ ደግሞ በፍጥነት መወርወር የሚመኝ ልጅ አይገኝም። ችግሩ ራሱን እየወለደ ኖረ።

ካፒል ዴቭ

ይህን አዙሪት የሰበረው የቻንዲጋር ልጅ ካፒል ዴቭ ነው። እሱ ራሱ ደጋግሞ እንደተረከው፣ በወጣቶች የሥልጠና ካምፕ ሳለ የሚሰጠው ሁለት ቂጣና አትክልት አላጠግብ አለውና ፈጣን ወርዋሪ ስለሆንኩ ተጨማሪ ምግብ ይሰጠኝ ብሎ ጠየቀ። ኃላፊው ሕንድ ውስጥ ፈጣን ወርዋሪ የሚባል የለም ብሎ ሳቀበት። ታሪኩ የሚያሳዝነውን ያህል አስተማሪ ነው፤ «የአካል ድክመት» ተብሎ የተነገረው ጉዳይ ግማሹ የምግብና የእምነት ጉዳይ እንደነበር ያሳያል። ካፒል በጥቅምት 1978 ፓኪስታን ፋይሳላባድ ላይ የመጀመሪያ ቴስቱን ተጫወተ። በ1983 ቡድኑን እየመራ የዓለም ዋንጫ አነሳ፤ የውድድሩ ከፍተኛ ዊኬት ወሳጅም በ18 ዊኬት የቡድን ጓደኛው ሮጀር ቢኒ ነበር። ካፒል በ131 ቴስት 434 ዊኬት ወስዶ ሲሰናበት የዓለም ክብረ ወሰን በእጁ ነበር። አብዛኛውን ዘመኑን በዚያ ደረቅ ሜዳ ላይ፣ በሌላ ወገን የሚያግዘው እኩያ ሳይኖረው የደከመ ሰው ስለሆነ፣ ቁጥሩ ከሚናገረው በላይ ክብር ይገባዋል።

በ1987 ኤም አር ኤፍ የተባለው የጎማ ኩባንያ ቼናይ ላይ የፈጣን ወርዋሪዎች ማሠልጠኛ ከፍቶ አውስትራሊያዊውን ዴኒስ ሊሊን አሠልጣኝ አደረገ። ከዚያ በር ጃቫጋል ስሪናት (236 የቴስት ዊኬት)፣ ቬንካቴሽ ፕራሳድና ዛሂር ካን (311) አለፉ። በሴቶች በኩል ከምዕራብ ቤንጋል ትንሽ ከተማ ቻክዳሃ የተነሳችው ጁላን ጎስዋሚ በአንድ ቀን የዓለም አቀፍ ጨዋታዎች 255 ዊኬት ወስዳ በ2022 ስትሰናበት፣ በሴቶች ክሪኬት ከእሷ በላይ የወሰደች አልነበረችም። ስለ ሕንድ ፈጣን ውርወራ ሲወራ የእሷ ስም ከዛሂር እኩል መነሳት አለበት።

ከ2018 በኋላ

እነዚህ ሁሉ ግን አንድ ወይም ሁለት ሆነው የታገሉ ናቸው። በጥር 2018 ጆሃንስበርግ ላይ ሕንድ አንድም ስፒነር ሳታሰልፍ አምስት ፈጣን ወርዋሪዎች ይዛ ገባች፤ 20ውንም ዊኬት እነሱ ወስደው በ63 ራን አሸነፈች። በዚያው ዓመት ማብቂያ ጃስፕሪት ቡምራ ሜልበርን ላይ 33 ራን ብቻ ሰጥቶ ስድስት ዊኬት ወሰደ፤ ሕንድም አውስትራሊያ ውስጥ የመጀመሪያዋን የቴስት ተከታታይ ድል አገኘች።

ቡምራ የአሕመዳባድ ልጅ ነው፤ አባቱን በልጅነቱ አጥቶ መምህርት እናቱ አሳደጉት። ቤት ውስጥ ሲወረውር ድምፁ እንዳይረብሽ ኳሷን ወለሉና ግድግዳው በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ማሳረፍ ለመደ። ዛሬ መቺው እግር ሥር የሚያሳርፋት ኳስ ከዚያ የመጣች ናት። አወራወሩ ከመጽሐፍ የወጣ አይደለም፤ አጭር፣ የሚቆራረጥ እርምጃ ይራመዳል፣ ክንዱን ቀጥ አድርጎ ያነሳል፣ ክርኑም ከልክ አልፎ ወደ ኋላ ይለጠጣል። ኳሷን ከሌሎች ይልቅ ወደ መቺው ቀርቦ ስለሚለቃት መቺው የሚያስብበት ጊዜ ያንሰዋል። በቴስት 200 ዊኬት ከደረሱት ሁሉ ለአንድ ዊኬት የሰጠው ራን በአማካይ ከ20 በታች ሆኖ የደረሰ የመጀመሪያው እሱ ነው።

ለውጡን ያመጡት ምክንያቶች ብዙ ናቸው። በአገር ውስጥ ውድድር ሣር የቀረላቸው ሜዳዎች በዙ። በ2008 የተጀመረው የሕንድ የክለቦች ሊግ አይ ፒ ኤል የገጠርና የትንሽ ከተማ ልጆችን ከዓለም ምርጥ ወርዋሪዎች ጋር አንድ ልምምድ ሜዳ ላይ አገናኘ። ሁለተኛው ብሔራዊ ቡድን በራሁል ድራቪድ አሠልጣኝነት ወደ ውጭ እየተጓዘ ተተኪዎችን አበሰለ። በዚያን ጊዜ ካፒቴን የነበረው ቪራት ኮህሊም የአካል ብቃትን የማያወላዳ መስፈርት አደረገው።

የዚህ ሁሉ ትልቁ ማስረጃ በእኔ ግምት ጥር 2021 ብሪስቤን ላይ የታየው ነው። ዋናዎቹ ፈጣን ወርዋሪዎች ቡምራ፣ ሻሚ፣ ኢሻንትና ኡመሽ በጉዳት በሌሉበት፣ ከተሰለፉት ፈጣን ወርዋሪዎች ሁሉ የበለጠ ልምድ አለው የተባለው ሁለት ቴስት ብቻ የተጫወተው መሐመድ ሲራጅ ነበር። የሃይደራባድ ባለ ሦስት እግር ታክሲ ነጂ ልጅ ነው፤ አባቱ የሞቱት እሱ አውስትራሊያ በደረሰ በቀናት ውስጥ ሲሆን፣ ከቡድኑ ጋር ለመቆየት ወስኖ ነበር። በሁለተኛው ዙር አምስት ዊኬት ወሰደ፤ አውስትራሊያም ከ1988 ወዲህ በቴስት ተሸንፋበት በማታውቀው ሜዳ ተረታች።

መፍትሔ ያላገኘው ጉዳይ ጉዳት ነው። ቡምራ በ2023 ጀርባው ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል፤ በ2025 እንግሊዝ ላይም ከአምስቱ ቴስቶች ሦስቱን ብቻ ተጫውቷል። ሲራጅ አምስቱንም ተሰልፎ ከ1,000 በላይ ኳስ ወረወረ፤ 23 ዊኬትም ወሰደ። በመጨረሻው ቀን ለንደን ኦቫል ላይ የመጨረሻውን እንግሊዛዊ ዘንግ የጣለው እሱ ሲሆን፣ ሕንድ በስድስት ራን ብቻ አሸንፋ ተከታታዩን 2 ለ 2 አቻ አጠናቀቀች።