የእኩሌታ ክብ፦ «2.5 ሜትር» ስንት ሜትር ነው?

ዓይነ ስውራን በእግር ሲሄዱ በድምፅ የሚመራ መሣሪያ ልሥራ ብሎ የተነሣ ሰው ቀድሞ ከሚመርጣቸው ዕቃዎች አንዱ የጂፒኤስ መቀበያ ነው። የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ነገር ናት፤ ገበያውም ሞልቷል። የብዙዎቹ መግለጫ ወረቀት ተመሳሳይ መስመር አለው፦ «የአግድም ትክክለኛነት 2.5 ሜትር፣ ሲኢፒ»። ገዢው 2.5ቷን አይቶ ደስ ይለዋል፤ ሲኢፒ የምትለዋን ዘሏት ያልፋል።

ሲኢፒ «ሰርኩላር ኤረር ፕሮባብል» ለሚለው ሐረግ ምህጻር ነው። የመድፈኞች ቃል ነበር፤ ወደ አንድ ዒላማ ከተተኮሱ ጥይቶች እኩሌታዎቹ የሚያርፉበትን ክብ ሬዲየስ ይገልጹበታል። በአማርኛ «የእኩሌታ ክብ» ብንለው ያስኬዳል። «ግማሽ ክብ» እንዳንል በጂኦሜትሪ ሌላ ነገር ነው።

እንግዲህ የእኩሌታ ክቡ 2.5 ሜትር የሆነ መቀበያ መቶ ጊዜ «የት ነኝ?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ሃምሳው ያህል መልስ ከትክክለኛው ቦታ በ2.5 ሜትር ውስጥ ይወድቃል። የቀረው ሃምሳ ከዚያ ውጭ ነው፤ ምን ያህል ውጭ እንደሆነ ወረቀቱ ዝም ይላል። ስህተቱ በሁሉም አቅጣጫ በተለመደው መንገድ የሚበተን ከሆነ፣ ከመቶ 95ቱን መልስ የሚይዘው ክብ ሬዲየሱ የመጀመሪያውን እጥፍ ያህላል፤ 5.2 ሜትር ገደማ ማለት ነው። ለሹፌር ይህ ችግር አይሆንም። መኪና በአስፋልት ላይ እንደሚሄድ ስለሚታወቅ ፕሮግራሙ ነጥቡን ጎትቶ መንገዱ ላይ ያስቀምጠዋል፤ የቀረውን የሹፌሩ ዓይን ይጨርሳል። ማየት ለተሳነው እግረኛ ግን አምስት ሜትር ከእግረኛ መንገዱ ወጥቶ አስፋልቱ መሀል ነው፤ ወይም ፋርማሲ ብሎ የገባበት ቤት ጎረቤቱ ያለው ሥጋ ቤት ይሆናል።

ድሮ ከዚህም ይብስ ነበር። የሥነ ልቦና ሊቁ ጃክ ሉሚስ እ.ኤ.አ. በ1985 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ ይህን ዓይነት መሣሪያ ሲያቅድ፣ አብሮት የሠራው የጂኦግራፊ ምሁሩ ሬጅናልድ ጎሌጅ ራሱ የዓይን ብርሃኑን አጥቶ ነበር። በኋላ በሞከሩት መሣሪያ መቀበያውና ኮምፒውተሩ በጀርባ የሚታዘል ሸክም ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሎች የሚደርሰውን ሞገድ ሆን ብሎ ያዛባ ስለነበር ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር፤ ማዛባቱ የቀረው እ.ኤ.አ. ግንቦት 2 ቀን 2000 ነው።

ወደ ወረቀቱ እንመለስ። 2.5 ሜትር የሚለው ቁጥር የተለካው ሰማዩ ገላጣ በሆነበት ቦታ ነው፤ የእግረኛ መንገድ ደግሞ ግድግዳ ሥር ነው። መቀበያው የሚለካው 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ካሉ ሳተላይቶች የተነሣ ሞገድ የወሰደበትን ጊዜ ነው። ሞገዱ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሮጥ፣ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስህተት 300 ሜትር ያሳስታል። ከመስታወት ፎቅ ነጥሮ የመጣ ሞገድ ዞሮ ስለመጣ ይዘገያል፤ መቀበያውም ሳተላይቱ የራቀ ይመስለዋል። ክፋቱ፣ እንዲህ ያለ ስህተት ወደ አንድ ወገን ስለሚገፋ ደጋግሞ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ብዙም አያድንም። የእኩሌታ ክብ የሚባለው ስሌትም እዚህ ላይ ዋጋ ያጣል።

ስለዚህ ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ፣ በእኔ ግምት፣ ሁለት ሞገድ በሚቀበል መቀበያ ላይ ይውጣ፦ ከነባሩ ኤል 1 (1575.42 ሜጋኸርዝ) ሌላ ኤል 5ን (1176.45 ሜጋኸርዝ) የሚሰማ። የኤል 5 ኮድ ፍጥነት የነባሩ ኮድ አሥር እጥፍ ስለሆነ፣ በቀጥታ የመጣውን ሞገድ ዞሮ ከመጣው ለመለየት ይቀላል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በስልክም ውስጥ ገብቷል። ከጂፒኤስ ሌላ ያሉትን የሳተላይት ሥርዓቶች፣ ጋሊሊዮን፣ ግሎናስንና ቤይዱን መቀበሉም በፎቆች መሀል ሰማይ ሲጠብ ይጠቅማል። በሰከንድ አሥር ጊዜ ቦታ ይናገራል የሚለው ማስታወቂያ ግን አያታልል፤ በሰከንድ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ለሚራመድ ሰው አንድ ጊዜ ይበቃዋል።

እንዲህ ያለ መቀበያ የማይመልሰው ጥያቄ አለ፦ ቆሜ ሳለ ፊቴ ወዴት ነው? አቅጣጫን የሚያውቀው ከእንቅስቃሴ ነው። ከታክሲ ወርዶ የቆመ ሰው «ወደ ግራ» ቢባል የማን ግራ? ለዚህ የኮምፓስ ሴንሰር ለብቻው ይገጠማል። አንቴናውም ኪስ ውስጥ ከሆነ የሰውነት ግርዶሽ ሞገዱን ያዳክመዋል፤ ትከሻ ላይ ቢሆን ይሻላል።

ብዙ መቀበያዎች ከእያንዳንዱ መልስ ጋር የራሳቸውን የስህተት ግምት ይሰጣሉ። ሠሪው ይህን ግምት ወደ ድምፁ ማምጣት አለበት፤ ግምቱ ሁለት ሜትር ሲሆን «ፋርማሲው በስተቀኝ ነው»፣ አሥር ሜትር ሲሆን «ፋርማሲው እዚህ አካባቢ ነው» ይበል። አስፋልት መሻገሪያው ላይ ግን ነጩ በትርና ጆሮ ይቅደሙ። ሻጩን የ95 በመቶውን ክብ ጠይቀውት መልስ ከሌለው፣ የእኩሌታውን እጥፍ ወስዶ መቀበያውን ፎቅ በበዛበት ጎዳና ግድግዳ ሥር ይዞ መሄድ ነው።